ለልጄ፦ ስለዚያ 32 ኢንች ሞኒተር

ሚጣዬ፣

የላክሽልኝን ፎቶ አየሁት። «አባዬ በጣም ርካሽ ነው፣ 32 ኢንች ነው፣ እስከ ቅዳሜ ካልወሰድኩት ይሸጣል» ብለሻል። ቅዳሜ የሚለው የሻጩ ወሬ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕቃ ሁሌም «ሌላ ሰው እየጠየቀበት» ነው። እናትሽ ደህና ናት፣ ሰላምታውን በስልክ እናደርሳለን። ይሄን ግን በስልክ ብነግርሽ ግማሹን ትረሺዋለሽ ብዬ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው እውነት ከሆነ አትግዢው። አንድ ቁጥር ጠይቀሽ መልሱ ሌላ ከሆነ ግን እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ። የምትጠይቂው ሪዞሉሽኑን ነው፣ ስክሪኑ ስንት ነጥብ (ፒክስል) እንዳለው ማለት ነው። ኢንቹንማ እሱ ራሱ በትልቁ ጽፎታል።

«ፉል ኤችዲ» ይላል። ይሄ ማለት 1920 በ1080 ፒክስል ነው፤ ሲባዛ 2 ሚሊዮን ምናምን ነጥብ። 24 ኢንች ፉል ኤችዲም ያው 2 ሚሊዮን ነው። 32ቱ አንዲት ነጥብ አይጨምርልሽም፣ ነጥቦቹን ያወፍራቸዋል እንጂ። 24 ኢንች ላይ በ1 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 36 ያህል ፒክስል ይደረደራል፣ 32 ኢንች ላይ 27 ብቻ። ስለዚህ ኤክሴል ብትከፍቺ የሚታይሽ ረድፍ እኩል ነው፣ ኮድ ብትጽፊም መስመሩ እኩል ነው፣ ሁሉም ነገር ገዘፍ ብሎ ይታይሻል እንጂ የምትሠሪበት ቦታ አይሰፋም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሸወደው። ሰፊ ጠረጴዛ የገዛ ይመስለዋል፣ የገዛው ግን ማጉያ መነጽር ነው።

ለፊልም ቢሆን ምንም አልልሽም። አልጋሽ ላይ ጋደም ብለሽ ከ1 ሜትር ተኩል ርቀት ለሚታይ ነገር 32 ኢንች ፉል ኤችዲ ጥሩ ነው፣ ከዚያ ርቀት ዓይን ነጥቡን አይለየውም። አንቺ ግን ፖስተር ትሠሪያለሽ፣ የሰርግ ካርድ ትሠሪያለሽ፣ የሰው መመረቂያ ጽሑፍም ትተይቢያለሽ። የኛ ፊደል ደግሞ ልዩነቱ ያለው ስሷ ነገር ላይ ነው።

እኛ ማተሚያ ቤት አንድ ሰሞን ገጽ የሚያቀናብረው ልጅ ፊት ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎለት ነበር፣ ዓይኑ እንዳይደክም ተብሎ። በ10 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈ ገጽ ሲከፈት «ቴ» እግር ሥር ያለችው ቀለበት ትደፈናለች። በቃ፣ ጥቁር ነጥብ ትሆናለች። «ቲ» ይሁን «ቴ»፣ «ዲ» ይሁን «ዴ» የሚያውቀው ቃሉን የሚገምት ሰው ብቻ ነው። ልጁ እያጎላ ይሠራል፣ ካጎላ ደግሞ ሙሉ ገጹ አይታየውም፣ መልሶ ያሳንሳል። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ገጽ አትሞ በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመረ፤ ወረቀቱንና ቀለሙን አስቢው። ስክሪኑ አሁን እንግዳ መቀበያው ውስጥ ዜና ያሳያል። እዚያ አሪፍ ነው።

ከዚህ የባሰ ደግሞ አለ። የፎቶውን ጠርዝ ሳየው ነገሩ ሞኒተር ሳይሆን ቴሌቪዥን ይመስለኛል፤ ከታች የሪሞት መቀበያ የመሰለች ነገር አለች። ርካሽ የሆኑት 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ ፉል ኤችዲ እንኳ አይደሉም፣ 1366 በ768 ናቸው። ይሄ ደግሞ 1 ሚሊዮን ነጥብ ብቻ ነው፣ የላፕቶፕሽን ያህል። ሻጩም አይዋሽሽም እኮ፣ «1080 ይሠራል» ይልሻል፣ እውነትም ይሠራል፣ ግን 1080ውን ተቀብሎ ጨፍልቆ ነው የሚያሳይሽ። ኮምፒውተሩም 1920 ብሎ ይጽፍልሻል። ስለዚህ ከኋላው ያለውን ወረቀት ፎቶ እንዲያነሳልሽ አድርጊ፣ የሞዴል ቁጥሩን ጎግል አድርጊና «ኔቲቭ ሪዞሉሽን» የሚለውን እዪ፣ ስክሪኑ ላይ በእርግጥ ያለው የነጥብ ብዛት እሱ ነው። ወረቀቱ ተልጧል ካለሽ፣ ቻው በዪው።

አሁን ሐሳቤን ወደሚያስቀይረኝ ልምጣ። ሞዴሉን አይተሽ 2560 በ1440 ሆኖ ካገኘሽው፣ ማለትም 2ኬ የሚሉት ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ ነው። 32 ኢንች 2ኬ የፊደሉ ጥራት ከ24 ኢንች ፉል ኤችዲ ጋር እኩል ነው፣ በሴንቲ ሜትር ያው 36 ፒክስል ነው የሚደርስሽ። ልዩነቱ፣ ያን ጥራት ይዞ ቦታው በ3 አራተኛ ያህል ይሰፋል። በአንድ በኩል ዲዛይኑን፣ በሌላ በኩል ደንበኛዋ የላከችውን ጽሑፍ ከፍተሽ ትሠሪያለሽ። እሱ በዚህ ዋጋ ከተገኘ ደውዪልኝ፣ የጎደለውን በቴሌብር እልክልሻለሁ። በዚህ ዋጋ ከተገኘ ደግሞ ለምን እንደረከሰ ጠይቂ።

4ኬ ነው (ከ2ኬም የበለጠ ነጥብ ያለው) ካለሽ አትቸኩዪ። ላፕቶፕሽ አሮጌ ነው፣ የኤችዲኤምአይ መውጫው 4ኬን ቢያወጣ እንኳ በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያድሰው። ማውሱ ሲጎተት ይታይሻል፣ ሳምንት ሳይሞላ ትማረሪያለሽ።

ጠረጴዛሽንም አስቢ። ያቺ ጠረጴዛ ከግድግዳው እስከ ጠርዟ 60 ሴንቲ ሜትር ብትሆን ነው። 32 ኢንች ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ 71 ሴንቲ ሜትር ነው። የሞኒተሩ እግር ወደ ፊት ሲወጣ ፊትሽ ላይ ይደፋል፤ ከግራ ጫፍ ቀኝ ጫፍ ለማየት አንገትሽን ታዞሪያለሽ። ርካሾቹ ደግሞ እግራቸው ከፍና ዝቅ አይልም። ከኋላው 4 የብሎን ቀዳዳ ካለው ግድግዳ ላይ ማሰር ይቻል ነበር፣ ግን አከራይሽ ግድግዳ ሲበሳ ዝም የሚሉ ሰው አይመስሉኝም።

ታዲያ ምን ልግዛ ካልሽኝ፣ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ 24 ኢንች ፉል ኤችዲ ፈልጊ። ዴል ወይም ኤችፒ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቆሞም ይዞራል፣ ረጅም ገጽ ስትተይቢ ያ ትልቅ ነገር ነው። ከላፕቶፕሽ ጋር ሲነጻጸር የነጥቡ ብዛት እጥፍ ነው፣ ስለዚህ ከሱ ብቻ ብዙ ታገኛለሽ። ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው ሰሌዳ፣ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ይሁን። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ደስ ይላል፣ ለፊልም ይመረጣል፣ ግን አንቺ ማታ ማታ ጥቁር ገጽ ላይ ነው የምትሠሪው፣ ርካሹ ቪኤ ደግሞ ጥቁር ገጽ ወደ ታች ስታንሸራትቺ ከፊደሉ ኋላ ጥላ ይጎትታል። ቲኤን የሚባለውን እርሺው፣ ትንሽ ጎንበስ ስትዪ ቀለሙ ይቀየራል፣ የሰርግ ካርድ በሱ ሠርተሽ ሙሽራዋ ጋር አትጣዪ። 144 ኸርዝ፣ 165 ኸርዝ (በሴኮንድ ስንት ጊዜ ምስሉን እንደሚያድስ ነው) እያለ ዋጋ ሊጨምርብሽ ቢፈልግ እሱ ለጌም ተጫዋች ነው፣ ላንቺ 60ም ይበቃል።

ትልቅ መግዛት ካማረሽ ደግሞ 27 ኢንች 2ኬ ጠብቂ። በሴንቲ ሜትር 43 ፒክስል ነው፣ ፊደሉ ጥርት ይላል። ዋጋው አሁን እንደማይቀመስ አውቃለሁ፣ ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዶላሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። ለዚያ ነው ያገለገለውን የመከርኩሽ። 27 ኢንች ፉል ኤችዲ ግን እንዳትገዢ፣ እሱ መሀል ቤት የቀረ ነገር ነው፣ ለፊልምም ያን ያህል፣ ለፊደልም ያን ያህል።

ልታዪው ስትሄጂ ላፕቶፕሽንና የራስሽን ገመድ ይዘሽ ሂጂ። ሻጩ የባሕርና የአበባ ቪዲዮ ነው የሚከፍትልሽ፣ ቪዲዮ ሁሉም ላይ ያምራል። አንቺ ዎርድ ክፈቺ፣ በኒያላ ወይም በፓወር ግዕዝ ፊደል መጠኑ 10 ነጥብ የሆነ አንድ ገጽ አማርኛ አውጪ፣ ሳታጎዪ አንብቢ። «ቴ»ዋ ክፍት ናት ወይ? ከዚያ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያፈራረቅሽ የሞተ ፒክስል፣ ማለትም ቀለሙ የማይቀየር ነጥብ፣ ፈልጊ። ጥቁሩ ላይ መብራት አስጠፊው፣ ጥጉ ላይ ብርሃን የሚያፈስ ከሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ነጩን ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዪው፤ አንዳንዱ ሲሞቅ ነው መብለጭለጭ የሚጀምረው። ሻጩ ይሰላቻል፣ ይሰላች። አዳፕተሩ የራሱ መሆኑንም እዪ፣ ከሌላ ዕቃ የተዋሰ አዳፕተር ቮልቴጁ ካልገጠመ ዕቃውን ይዞት ይሄዳል።

ሳታዪው ቀብድ እንዳትልኪ። «በአውቶቡስ እልክልሻለሁ» ካለ በጭራሽ። ሞኒተር ተኝቶ ከተጫነና ሻንጣ ከላዩ ከወጣበት አለቀለት፣ ደግሞ ስንጥቁ ካልበራ በቀር አይታይም። እዚያው ከተማ ገዝተሽ፣ አቁመሽ፣ በባጃጅ ይዘሽው ግቢ። የ1 ሳምንትም ቢሆን ዋስትናውን በወረቀት ያጽፍልሽ፣ ስልኩን ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ።

ቤት ስታስገቢው በቀጥታ ከዲቫይደሩ ጋር አትሰኪው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለውን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ፍሪጁ የሚጠቀምበትን ዓይነት ስታቢላይዘር ወንድምሽ ጋር አንድ ትርፍ አለ፣ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

በይ አሁን የሞዴሉን ቁጥር ጠይቂና ፎቶውን ላኪልኝ። እስከ 11 ሰዓት ሥራ ላይ ነኝ፣ ከዚያ በኋላ ደውዪ።

አባትሽ

ያቺ የ60 ሴንቲ ሜትሯን ነገር በግምት ነው የጻፍኩት፣ ሜትር ፈልገሽ ለኪያት።