ሰርተፍኬቱ ጥሩ ነው፣ ረዳትስ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ለልጆች፣ ለወጣቶችና ለቤተሰቦች የለፉ የአካባቢ ሰዎች ተሸለሙ የሚል ዜና ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። እውነቴን ነው። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን አሳምሮ ለማንበብ ሁሉም ይሽቀዳደማል፤ በቁሙ "ተባረክ" ማለት ግን ይከብዳል። ስለዚህ በቁም መመስገናቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ብዙዎቹ የምስጋና ፕሮግራሞች የሚመቹት ለተመስጋኙ ሳይሆን ለአመስጋኙ ነው።

አንዱን ላንሳ። ፕሮግራሙ እንደተለመደው ዘግይቶ ተጀመረ። የክብር እንግዳው ንግግር ረዘመ፣ ስፖንሰሮች አንድ በአንድ እየተጠሩ ተጨበጨበላቸው። ከተሸላሚዎቹ አንዷ ከትምህርት ቤት መልስ ልጆች ሰብስባ የምታስጠና ሴት ነበረች። ስሟ ሲጠራ ወጣች፣ ሰርተፍኬቱን ተቀበለች፣ ፎቶ ተነሳች፣ ማይክ እንኳ ሳትይዝ ወረደች። አጠገቤ ስትቀመጥ ሰርተፍኬቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቶሎ ብላ ስልኳን አወጣች። ለካ ልጆቹ የሚያጠኑበት ክፍል ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ሌላ ቁልፍ የለም። ሌላ የሚከፍት ሰውም የለም። እኛ እሷን ስናከብር ልጆቹ ደጅ ቆመው ነበር።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄንኑ ነው፤ የምንሰጠው ክብር ሸክም የሚያቀልል ይሁን። ዋንጫው ይቅር አላልኩም። ከዋንጫው ጋር ግን የሚያግዛት ሰው፣ ሥልጠና፣ የክፍሉን ኪራይ የሚሸፍንላት ይምጣ፤ ቢያንስ ቢያንስ እሷ ታማ ስትቀር ተተክቶ የሚሠራ ይኑር።

ለምን መሰላችሁ? ለአንድ ልጅ የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ጥቅም መኖራቸው ነው። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚያው መገኘታቸው። ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በሃዋይ፣ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ከሕፃንነት እስከ ጎልማሳነት ተከታትላለች። ከመካከላቸው ድህነት፣ የወላጆች ጠብ፣ በቤት ውስጥ መጠጥ ወይም የአእምሮ ሕመም ተደራርቦባቸው ያደጉ ነበሩ። "እነዚህማ አለቀላቸው" የሚባሉ ዓይነት። ከሦስቱ አንዱ ያህል ግን ሠርቶ የሚያድር፣ ሰው የሚወድ፣ ደህና ሰው ሆኖ ወጣ። ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች አንዱ ከልባቸው የሚያምኑት ቢያንስ አንድ አዋቂ ማግኘታቸው ነበር። ይህ ሰው የግድ እናት ወይም አባት አልነበረም። አያት ሊሆን ይችላል፣ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፣ ጎረቤትም ጭምር።

እንዲህ ያለው አዋቂ ደክሞት ከጠፋስ? ልጁ አንድ ሰው ብቻ አይደለም ያጣው። ሰው ማመን ራሱ ዋጋ የለውም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ለዚህ ነው አጨብጭበን መበተናችን የሚያናድደኝ።

በሌላ በኩል ደግሞ በደንብ የተሠራበት ምሳሌ አለ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ከ14 አያቶች ጋር ሥራ ጀመረ። አገሩ የአእምሮ ሐኪም ብርቅ ነው፣ የተጨነቀ ሰው ግን በየቤቱ አለ። አያቶቹ ደግሞ ድሮም የሰፈሩ ሰው ገመናውን የሚያዋያቸው ሴቶች ናቸው። ሐኪሙ አመስግኖ አልሸኛቸውም፤ አሠለጠናቸው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠላቸው፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ሲገጥማቸው የሚጠሩት ባለሙያ መደበላቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ በታወቀ የሕክምና መጽሔት ሲታተም በ573 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ አያቶቹ ጋ የተቀመጡት ከሌሎቹ በተሻለ ሁኔታ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው እንደቀለለ አሳየ። ለእኔ ክብር ማለት እንዲህ ነው። "አንቺ የምትሠሪው ቁም ነገር ነው" ብሎ መሣሪያውን መስጠት።

የራሳችንን አበበች ጎበናን አስቡ። የመጀመሪያዎቹን ወላጅ አልባ ልጆች ወደ ቤታቸው ሲያመጡ ጭብጨባ ሳይሆን ተቃውሞ ነው የጠበቃቸው፣ ያውም ከገዛ ቤታቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፉ ሥራቸው አብሯቸው አልተቀበረም፤ ድርጅት ተክለው ነበርና። ስንቱ ነው ግን እንደሳቸው ድርጅት እስኪያቆም ድረስ አቅሙ የሚበረክትለት? አብዛኛው መሀል ላይ ይዝላል። ድጋፉ ያኔ ነው መምጣት ያለበት፤ ስሙ ከገነነ በኋላማ ሁሉም ዘመዱ ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን ልበል። ሰው ስላከበርነው ብቻ ከጥያቄ ነፃ አይሁን። እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን ሰው ጂሚ ሳቪል በልጆች ፕሮግራሙና በበጎ አድራጎት ሥራው የተወደደ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1990 የ"ሰር" ማዕረግ ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሞተ። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የወጣው። ፖሊስና አንድ የሕፃናት መብት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ሪፖርት በሱ ላይ 214 ወንጀሎች ተመዝግበው ተገኙ፤ ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ዝናውና ማዕረጉ ጋሻ ሆኖለት ኖረ። አንዳንዱ ይሄን ሳነሳ "የሚለፉትን ሁሉ ለምን ትጠረጥራለህ?" ይለኛል። ጥርጣሬ አይደለም። ልጆች ብቻቸውን ከአንድ አዋቂ ጋር በር ተዘግቶ እንዳይቀመጡ ማድረግ፣ የሠራተኛውን የቀድሞ ታሪክ ማጣራት፣ ልጅ ቅሬታ ሲኖረው ለማን እንደሚናገር ማሳወቅ፣ ይሄ ሁሉ ሐቀኛውንም ሰው ከሐሜት ይጠብቀዋል። በነገራችን ላይ በእውነት ለልጆች የሚያስቡት ሰዎች እንዲህ ያለው ደንብ ሲወጣ ሲቆጡ አላየሁም።

ተሸላሚ የሚመረጥበት መንገድም ግራ ይገባኛል። ኮሚቴ ይሰበሰባል፣ ኮሚቴው የሚያውቀውን ይጠቁማል፣ ኮሚቴው የሚያውቀው ደግሞ ስብሰባ የሚወደውን ሰው ነው። ማታ ማታ የተጣሉ ባልና ሚስት ስታስታርቅ የምታመሽ ሴት ስብሰባ የምትመጣበት ጊዜ የላትም። ከትምህርት ያቋረጡ ልጆችን ኳስ እያጫወተ ወደ ክፍል የሚመልስ ወጣት ሲቪ የለውም፣ ፌስቡክ ላይም አይለጥፍም። ልጆቹን ብትጠይቋቸው ግን ሳያስቡ ስሙን ይነግሯችኋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን የመግለጽና የመደመጥ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ከዚህ በላይ የሚመለከታቸው ምን ጉዳይ አለ? "ችግር ሲገጥምህ ማን ጋ ትሄዳለህ?" ብላችሁ ወረቀት በትኑላቸው። ስማቸውን አይጻፉ። ደጋግሞ የሚመጣውን ስም ተከትላችሁ ሂዱ፣ እናቶችንም ለብቻ ጠይቁ።

ሲገኝም "ምን እንሸልምህ?" ሳይሆን "ምን ጎደለህ?" በሉት። መልሱ ሊያስደነግጣችሁ ይችላል፤ አንዳንዴ የሚጎድለው ትንሽ ነገር ነው፣ የተሰበረ በር የሚጠግን አናጢ ወይም ቅዳሜ ከሰዓት የምትረዳ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ።

ወደ እናንተ ልምጣ፣ የጋዜጣው ሰዎች። የሽልማት ዜና ስትሠሩ ከተሸላሚው በላይ የክብር እንግዳውን ንግግር አትዘርዝሩብን። ለተሸላሚው ማይክ ስጡት፣ ሥራው ምን እንደሚመስል፣ ምን እንደሚያስመርረው ይናገር። ከተቻለ ከዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ቃል የተገባለት ነገር ደርሶት እንደሆነ ጠይቁ።

የልጆቹን ፊት ደግሞ እባካችሁ ተዉት። "ከጎዳና የተነሳው" ተብሎ ከነፎቶው ጋዜጣ ላይ የወጣ ልጅ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ክፍል ጓደኞቹ ያንኑ ገጽ በስልካቸው ይዘው ነው የሚጠብቁት።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ