ለፖሊሷ ልጄ፣ ስለ ቢላ

የኔ እናት፣

ድሮ ደብዳቤ ስንጽፍ «ከሰማይ ኮከብ፣ ከባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ» እያልን ግማሽ ገጽ እንጨርስ ነበር። ያንን ልዝለልልሽ፣ ያየሁሽ እሁድ ነው። «ለሥራ የምይዘው ቢላ የትኛው ይሻለኛል?» ስትይኝ ስልክ ላይ ዝም ያልኩሽ እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች ነው። «ቢላ» የሚለውን ቃል ስትሰማ ፊቷ ይለዋወጣል። አካዳሚ ከገባሽ ጀምሮ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ተስላለች፤ ጥላ ልታስገባ። እኔ የማውቀው ሌላኛውን ስለት ነው፤ በሱ ልርዳሽ።

የላክሽልኝን የቢላ ፎቶ አየሁት። ጥቁር ነው፣ ጀርባው ላይ መጋዝ አለው፣ እጀታው ክፍት ሆኖ ውስጡ ክብሪትና መርፌ ይይዛል፣ መጨረሻው ላይ ኮምፓስ አለው። በናትሽ፣ ሌሊት ኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ ላይ ቆመሽ ሰሜን በየት ነው ልትይ ነው? ሳቅኩ፣ ቀጥሎ ግን ደነገጥኩ። ምክንያቱም ችግሩ ኮምፓሱ አይደለም። እጀታው ባዶ ከሆነ ስለቱ ከእጀታው ጋር የተያያዘው በአጭር ጭራ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን የተጣመመ የመኪና በር ውስጥ አስገብተሽ ስትጎትቺው ብረቱ እዚያው ይቀራል፣ እጀታው እጅሽ ላይ። መጋዙም ልብስ ላይ ከመጠላለፍ በቀር የሚረባ ነገር ሲቆርጥ አላየሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታዪው ይሄንን ነው፦ ብረቱ ከጫፉ እስከ እጀታው መጨረሻ አንድ ወጥ ይሁን። እዚህ «ፉል ታንግ» ይሉታል። ብዙ ጊዜ በዓይን ይታያል፤ ከእጀታው ጀርባ በኩል ስታዪው ብረቱ ከሁለት ክፋይ መሃል ተዘርግቶ ይወጣል። የማይታይ ከሆነ ሻጩን ጠይቂ፣ ሻጩ ከተንተባተበ ተዪው።

«ሰንጢ አይበቃኝም ወይ?» ብለሽኝ ነበር። የሚታጠፈው ማለት ነው። ለካርቶንና ለሲባጎ ይበቃል። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ታክሲ በምነዳበት ዘመን ያየሁትን። 395 አውራ ጎዳና ላይ ዝናብ የሚያወርድበት ሌሊት ነበር፣ አንዲት መኪና በጎኗ ተጋድማለች፣ ውስጥ ያለው ሰው በቀበቶው ተንጠልጥሏል። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ወጣት ልጅ ነው፣ ያንቺን ዕድሜ ያክላል። በአንድ እጁ የሰውየውን ጭንቅላት ደግፏል፣ በሌላኛው ሰንጢውን ለመክፈት ይታገላል። ጓንቱ እርጥብ ነው። አውራ ጣቱ ያንሸራትተዋል። ከፈተው ሲባል ተመልሶ ይታጠፋል። ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ለኔ ግን አንድ ሰዓት መሰለኝ። በኋላ የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው አወጡት፣ ሰውየው ተረፈ። የማይታጠፍ ቢላ መክፈቻ የለውም። ከአፎቱ ሲወጣ ተከፍቶ ነው የሚወጣው። በቃ፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ብረቱ። እኔ ስለ ብረት መጀመሪያ የተማርኩት ከአንድ ሰፈራችን ከነበረ ቀጥቃጭ ነው። ማጭድና ቢላ የሚሠራው ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነበር። ለምን ከሌላ ብረት እንደማይሠራ ስጠይቀው ባሌስትራን አንስቶ «ይሄ ስንት ሺህ ጊዜ ጎበጠ፣ ተሰበረ?» አለኝ። ኦንላይን ላይ የሚከራከሩት ሰዎች የሚያደናግሩት እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ መሆንና አለመሰበር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መስታወት ጠንካራ ነው፣ ብትጥይው ግን ይሰበራል። በጣም የጠነከረ ስለት ለረጅም ጊዜ ሳይደንዝ ይቆያል፣ ግን አጥንት ወይ ብረት ሲነካ ይሸረፋል። ትንሽ ለስለስ ያለው ቶሎ ይደነዛል፣ ግን ይጎብጣል እንጂ አይሸረፍም፣ በአምስት ደቂቃም መልሰሽ ትስይዋለሽ። ጥንካሬውን «ሮክዌል» በሚባል ቁጥር ይለኩታል። ላንቺ ሥራ ከ56 እስከ 58 አካባቢ ያለው ይሻላል። 62 እና 63 እያሉ የሚኩራሩትን ለሱሺ ቆራጮች ተዪላቸው።

የብረት ስሞቹ ብዙ ናቸው፣ ሁለቱን ብቻ እወቂ። 1095 የሚባለው ካርበን ብረት ነው፤ ከ100 እጅ 0.95 ገደማው ካርበን ነው፣ ስሙም ከዚያ ይመጣል። በቀላሉ አይሰበርም፣ ለመሳል ደስ ይላል፣ ግን ይዝጋል። የቨርጂኒያን ነሐሴ ታውቂዋለሽ፣ በጥይት መከላከያሽ ስር ላብ እንደ ቧንቧ ሲወርድ። ጥቁር ቅብ ቢቀቡትም ስለቱ ራሱ ቅብ የለውም፣ ዝገቱም የሚጀምረው እዚያ ነው። ሌላው 420ኤችሲ ነው። 13 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ስላለው ዝገትን ይቋቋማል። አዋቂ ነን የሚሉ ይንቁታል። እኔ ግን ዘይት መቀባት እንደምትረሺ ስለማውቅ (የመኪናሽን ዘይትስ መቼ ቀየርሽ?) ይሄንን እመርጥልሻለሁ።

ስም ጥሪልኝ ካልሽኝ እሺ። ጀርበር የሚባለው የኦሪገን ኩባንያ «ስትሮንግአርም» የሚል ቢላ አለው፣ 420ኤችሲ ነው፣ እጀታው ጎማ ለብሷል፣ አፎቱ በብዙ ዓይነት ይታሰራል። ስለቱ 4.8 ኢንች ነው፤ ለኔ ትንሽ ረዘመብኝ። «ኤሲ 3» (ESEE-3) የሚባለው ቢላ ከ4 ኢንች ትንሽ ያንሳል፣ መጠኑ ልክ ነው፣ ግን 1095 ነው፣ ዘይት የሚወድ። ከዚያ ደግሞ የስዊድኑ አለ፣ ስሙ ሞራ! እንዴት እንደሳቅኩ። ሥጋ ቤት ለኖረ ሰው ሞራ ሌላ ነገር ነው። ሞራ የሚባል ከተማ አላቸው፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ ቢላ ይሠራል። ርካሹ ዓይነት 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ግን ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ አይደርስም፣ ሳሳ ያለም ነው። እሱን ለመኪናሽ ሻንጣ ግዢ። «ጋርበርግ» የሚሉት ግን እስከ መጨረሻ ይደርሳል፣ ወፈር ያለ ነው፣ የማይዝግ ብረትም አለው። እኔ ብሆን እሱን ነው የምገዛው።

የአሜሪካ ማሪን ወታደሮችን ቢላ፣ ኬባር የሚባለውን፣ ጓደኛዬ ሊያስገዛሽ ይሞክራል፣ እንዳትሰሚው። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ኩባንያው እንደሚተርከው አንድ አዳኝ በዚያ ቢላ ድብ ገደልኩ ብሎ ጻፈላቸው፣ ደብዳቤው ጥርት ብሎ ስለማይነበብ «ድብ ገደልኩ» የሚለው የእንግሊዝኛው ቃል ተቆራርጦ ስም ሆነ። ማሪኖቹ እ.ኤ.አ. በ1942 የተቀበሉት ያ ቢላ ስለቱ 7 ኢንች ነው። ለድብ ይሁን። አንቺ ወገብ ላይ ሽጉጥ፣ ካቴና፣ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ እያለ 7 ኢንች ብረት ጨምረሽ መኪና ውስጥ ልትቀመጪ ነው? ከ3.5 እስከ 4.5 ኢንች ይበቃሻል። ውፍረቱ 3 ወይ 4 ሚሊ ሜትር። ከዚያ ከወፈረ ፍልጥ መፍለጫ ይሆናል እንጂ አይቆርጥም።

ይኸው ኩባንያ ለፖሊሶች ብሎ የሚሠራው እንደ ሽጉጥ እጀታ የጎበጠ ትንሽ ቢላም አለ። እሱ፣ ሰው ሽጉጥሽን ሊቀማ ሲታገልሽ በግራ እጅ እንዲመዘዝ የታሰበ ነው። ስለሱ አሰልጣኞችሽን ስሚ፣ እኔን አይደለም። እኔ የማወራው ስለ ሥራ ቢላ ነው። በሁለት በኩል የተሳለም አትግዢ፤ ሰው አጠገብ ስትቆርጪ የቢላው ጀርባ ደነዝ መሆኑ በረከት ነው። ጫፉም እንደ መርፌ የሾለ አይሁን።

እጀታው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄን በሥጋዬ ነው የተማርኩት። ሌባ ጣቴ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቂዋለሽ፣ ትንሽ ልጅ ሆነሽ «አባዬ ይሄ ምንድነው?» ስትይኝ ውሻ ነክሶኝ ነው ያልኩሽ። ውሻ አይደለም። ዲቪ ሳይደርሰኝ ዶሮ ማነቂያ ሥጋ ቤት ዘጠኝ ዓመት ቆራጭ ነበርኩ። የትንሣኤ ዋዜማ ነው፣ ሰው እንደ ጉድ ተሰልፏል፣ እኔ ከሻኛ ወደ ዳቢት እሮጣለሁ። እጄ ሞራ በሞራ ሆኗል። የያዝኩት ቢላ እጀታው ለስላሳ እንጨት ነው፣ ከፊቱ ጣት የሚያቆም ነገር የለውም። ጫፉ አጥንት ነካና ቆመ፣ እጄ ግን አልቆመም። እጀታው ላይ ተንሸራቶ ስለቱ ላይ ሄደ። ሞራን በደም፣ በዝናብ፣ በሞተር ዘይት ተኪው፣ ያንቺ ሥራ ነው። ስለዚህ ከስለቱ በፊት ጣትሽን የሚያቆም ጉብታ ይኑረው። ሻካራ ይሁን፣ ጎማ ወይም ጂ10 የሚሉት፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ዓይነት። እንጨትና ቆዳ ይቅርብሽ፤ ያምራሉ፣ ግን ደም ይመጥጣሉ፣ የማን ደም እንደሆነ አታውቂም፣ አጥበሽም አይጠራም። ሱቅ ስትሄጂ ደግሞ የሥራ ጓንትሽን ይዘሽ ሂጂ። በጓንት ያልያዝሽውን እንዳትገዢ።

አፎቱ ግማሽ ዋጋው ነው። ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ጥሩ ነው፣ ውሃ አይመጥጥም፣ ቢላው ሲገባ «ቀጭ» ይላል። ቤት ውስጥ ፈትኚው፦ አፎቱን ዘቅዝቀሽ አልጋሽ ላይ በደንብ አራግፊው። ከወደቀ መልሺው። ሁለተኛ፣ በሽጉጡ በኩል አትሰሪው። ቀኝ እጅሽ ሽጉጡን እየጠበቀ ከሆነ ግራሽ ቢላውን ማግኘት አለበት፣ ስለዚህ ፊት ለፊት፣ ከቀበቶው መቆለፊያ ትንሽ ወደ ግራ ይሁን። ከኋላሽ አይሁን፤ አንቺ ከማግኘትሽ በፊት ሌላ ሰው ያገኘዋል። ከዚያ ሙሉ ልብስሽን ለብሰሽ መኪና ውስጥ ተቀመጪ፣ ቀበቶሽን እሰሪ፣ ስለቱን በፕላስተር ጠቅልለሽ ሃያ ጊዜ አውጪው። በግራም በቀኝም። ሆድሽን ከወጋሽ ወይም ጭንሽን ከገፋ ቦታውን ቀይሪ።

ለመኪና ቀበቶ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቢላ ሁለተኛ ምርጫ ነው። ስለቱ ወደ ውስጥ የተደበቀ፣ መንጠቆ መሰል መቁረጫ አለ፣ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ የሚጮህና የሚንፈራገጥ ሰው አንገት አጠገብ ከቢላ ይሻላል። ግዢና ከቢላው ጎን አስቀምጪው። በቢላ መቁረጥ ግድ ከሆነ ቀበቶውን በአንድ እጅ ወጥሪው፣ ስለቱን ሰያፍ አድርገሽ ከሰውየው አካል ወደ ውጭ ሳቢ። ልብስ ለመቅደድ ደግሞ መቀስ። መስታወት በቢላ ጫፍ እንዳትመቺ፣ ጫፉን ትሰብሪያለሽ። ለዚያ የተሠራ ትንሽ መስበሪያ አለ፣ የጎን መስታወትን ጥጉ ላይ ነው የሚመታው። አንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ግን የጎን መስታወታቸውም መሃሉ ፕላስቲክ ያለው ድርብ ሆኗል፣ እሱን ትንሹ መስበሪያ አይበግረውም። ሌላ መስኮት ፈልጊ።

ከመግዛትሽ በፊት ሳጅንሽን ጠይቂ። የዲፓርትመንታችሁ ደንብ ስለ ርዝመቱም፣ ስለሚታሰርበት ቦታም ሊል የሚችለው አለ። ካልተፈቀደ የኔ ደብዳቤ ምንም አያደርግልሽም። ከሥራ ውጭ ሲሆንም ሕጉን አንብቢ፣ ዩኒፎርም ስታወልቂ ነገሩ ይለያያል።

ፖሊስ እሆናለሁ ስትይ ሦስት ሳምንት እንዳኮረፍኩ አልረሳሁም። አንቺም አልረሳሽም። እዚህ አገር ያመጣሁሽ ፋርማሲስት እንድትሆኚ ነበር፣ ለዘመድ ሁሉ ነግሬ ነበር። አሁንም ሌሊት ስልክ ሲጮህ ልቤ ይዘላል። ግን የምረቃሽ ቀን ስትራመጂ አየሁሽ፣ ከዚያ በኋላ መጨቃጨቁ ደከመኝ። የምችለው ይሄን ነው፣ ስለ ብረት ማውራት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ። ገዝተሽ ከሆነ ይዘሽው ነይ፣ የፋብሪካ ስለት አላምንም። ድንጋዩን ጠዋት ውሃ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ። እናትሽ ከጠየቀች የሽንኩርት ቢላ ነው የምንስለው።

አባትሽ