ጳጉሜን ለሰረዘው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

በቃል ነግሬዎታለሁ፤ በማመልከቻም ጽፌልዎታለሁ። ማመልከቻዬ የት እንደገባ የሚያውቅ ሠራተኛ ስላጣሁ አሁን በአደባባይ እጽፋለሁ። የወረዳውን ስም አላነሣም፤ እርስዎ ራስዎን ያውቃሉ።

ልጄ የተወለደችው ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የጤና ጣቢያው ካርድ ይህንኑ ይላል፤ የክርስትና ካርዷም እንዲሁ። ከጽሕፈት ቤትዎ የወጣው የልደት ምስክር ወረቀት ግን ነሐሴ 30 ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቅ መዝጋቢዋ የኮምፒውተሩን መስኮት ወደ እኔ አዙራ የወሮቹን ዝርዝር አሳየችኝ። ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያልቃል። «ጳጉሜን የለም፤ የሚቀርበውን ቀን ነው የሞላሁት» አለችኝ። በእሷ አልፈርድም፤ የሞላችው የተሰጣትን ነው።

ያንን ወረቀት የሚያምን ሰው ግን ሌላ ጉድም ማመን አለበት። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። የልጄ አያት በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቀመር ባሕረ ሐሳብን በጣታቸው አንጓ የሚያወጡ መሪጌታ ናቸው፤ ሰማንያውን ቀን የቆጠሩትም እሳቸው ናቸው። በእናንተ ሰነድ ከሄድን ልጅቱ የተጠመቀችው በሰማንያ ስድስት ቀኗ ነው፤ መሪጌታውም መቁጠር አይችሉም ማለት ነው። ወረቀቱን ሳሳያቸው «2003 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነውም በሉቃስ ነው። ይህን የማያውቅ መዝገብ ምን ሊመዘግብ ተከፈተ?» አሉኝ። እኔም ጥያቄያቸውን ለእርስዎ አስተላልፌያለሁ።

ለመሆኑ ቀን የሚቆጠረው ለምንድን ነው? ገበሬው መቼ እንደሚዘራ፣ ምእመኑ መቼ እንደሚጾም፣ ባለዕዳው መቼ እንደሚከፍል እንዲያውቅ ነው። በ1582 እ.ኤ.አ. የሮሙ ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ ከኦክቶበር 4 ቀጥሎ ያለው ቀን 15 ይባል ብለው አሥር ቀን አዘለሉ። ምክንያት ነበራቸው፤ ፋሲካ ከወቅቱ እየሸሸባቸው ነበር። እናንተ አንድ ወር የሰረዛችሁት ለማን ብላችሁ ነው? ወይስ ጳጉሜን ደመወዝ ስለማይከፈልባት ከወር አትቆጠርም? ይህቺው አገር «የ13 ወር ፀጋ» እያለች ራሷን ለጎብኚ ስታስተዋውቅ ኖራለች። ለእንግዳ አሥራ ሦስት፣ ለጎጃም ልጅ አሥራ ሁለት!

ዘመኑን እንዳሻን የምንቆርጠው ከሆነማ እኛም ሌላ አቆጣጠር አናጣም። እናቴ የልደቷን ዓመት የምታውቀው ጎጃም በግብሩ ምክንያት በሸፈተበት ነው፤ 1960 ማለቷ ነው። የጎረቤታችን የበኩር ልጅ የተወለደው በ1989 መሬት ሲደለደል ነው፤ አባትየው የገመድ ጫፍ ይዞ ሳለ ነው ከቤት የጠሩት። እንዲህ ያለው ቀን ቁጥር ባይኖረውም ምስክር አለው፤ አገሩ ሁሉ ያስታውሰዋል። የጥንት ጸሐፊዎችም በነጋሢው ዓመት ይቆጥሩ ነበርና እኛም በእርስዎ ሹመት እንቁጠር። «ኃላፊው ስብሰባ በገቡ በሁለተኛው ዓመት፣ መብራት በጠፋበት ሳምንት፣ ማኅተም ያዡ ፈቃድ በወጡ ማግስት ተወለደች» ተብሎ ይጻፍልን። በዚህ አቆጣጠር ቢያንስ የሚጎድል ወር አይኖርም።

እየቀለድሁ እንዳይመስልዎ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ከልደት ወረቀቱ ጋር አልገጠመም ተብሎ የልጄ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ተንጠልጥሏል። ይስተካከልልኝ ስል የተሰጠኝ መልስ «የፍርድ ቤት ውሳኔ አምጣ» የሚል ነው። ስሕተቱን የጻፈው ጽሕፈት ቤትዎ፣ ምስክር አሰልፎ ዳኛ ፊት የሚቆመው እኔ! የወሳኝ ኩነት ምዝገባውን አዋጅ ቁጥር 760/2004ን ለእርስዎ አልጠቅስልዎትም፤ ጠረጴዛዎ ላይ ከነአቧራው አይቼዋለሁ።

ኮምፒውተሩ እስኪታረም ድረስ እስክሪብቶ አላችሁ፤ ማኅተምም አላችሁ። ጳጉሜን 6 ቀን 2003 ብላችሁ በእጅ ጻፉና ማኅተሙን አሳርፉበት። ልጄ በተወለደችበት ቀን መወለዷን ላስረዳ ብዬ ግን ፍርድ ቤት አልሄድም።

የልጅቱ አባት
ከምሥራቅ ጎጃም