ተኝቼ እንጂ ቀርቼ አልነበረም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ስነዳ 19 ዓመት ሆነኝ። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን የሐረጎ ዳገት መሐሉ ላይ ስላለ ሹፌር የሚያንቀላፋበት አይደለም። ጭጋጉ አለ፣ ጠመዝማዛው አለ፣ ከኋላ ፍሬኑ የማያስተማምን ከባድ መኪና አለ። እንቅልፍ ማባረር ሙያዬ ነው። ያ ሙያ አምና አንድ ጠዋት ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ከዳኝ።

ቡአ ነበረብኝ። ለዓመታት በመቀነት እያሰርኩ ስነዳ ቆይቼ በመጨረሻ ቀዶ ጥገና ታዘዘልኝ። የቀጠሮው ዋዜማ ሌሊቱን ዓይኔ አልተከደነም። ለባለቤቴ «ኧረ ምን ያስፈራል» እላታለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ስንት ሰዓት ሆነ እያልኩ እቀሰቅሳታለሁ። ጠዋት በባዶ ሆዴ ሄጄ ተቀመጥኩ። ልቤ እንደ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ይንደቀደቃል፣ መዳፌ በላብ ይርሳል። ከእኔ በፊት የገባው ሰውዬ በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋ ሲወጣ አየሁት። ከዚያ ማዛጋት ጀመርኩ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ። ሌላውን አላውቅም።

ስነቃ አምስት ሰዓት ሆኗል። ስሜ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «የለም» ተብሎ ካርዴ ተመልሷል። ከበሩ አራት እርምጃ ላይ ተጋድሜ! ሌላ ቀጠሮ እስካገኝ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ። የሐኪም ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጠሪዋም የዚያን ቀን ስንት ሰው እንደጠራች ፈጣሪ ይወቀው።

በሁለተኛው ቀጠሮ ይህንን ለማደንዘዣ ባለሙያዋ ስነግራት አልሳቀችብኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም» አለችኝ። ሰው ሲፈራ አድሬናሊን የሚባል ነገር ወደ ደሙ ይለቀቃል፤ ልቡ ይፈጥናል፣ ጉበቱ ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል፣ ሰውነቱ ለሩጫ ይሰናዳል። በሽተኛ ግን የት ይሮጣል? ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያ ግለት ሲበርድ ሰውነት ይዝላል፣ ሌሊት ያልተተኛው እንቅልፍም ዕዳውን ሊያስከፍል ይመጣል። ደግሞ መርፌ ወይም ደም ሲያዩ የደም ግፊታቸው የሚወርድባቸው፣ የልብ ምታቸው የሚቀንስባቸው ሰዎች አሉ። ፊታቸው ይገረጣል፣ ያዛጋሉ፣ ዓይናቸው ይጨልማል። ይኼኛው ራስን ወደ መሳት የሚሄድ ነው፤ ሰውየውን ማስተኛትና እግሩን ከፍ ማድረግ እንጂ ደግፎ ማቆም አይረዳውም። ገና ሲጀምረው ክንዱንና ጭኑን አጥብቆ ቢያወጥር ግፊቱ ከፍ እንደሚልለትም አሳየችኝ። እስከ ዛሬ የደም ምርመራ ሲታዘዝልኝ አደርገዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ እኔው ራሴ ሐኪም ሆንኩላችሁ። ጋቢና ተቀምጦ የሚያንጎላጅ በሽተኛ ባየሁ ቁጥር «ፍርሃት ነው፣ ተዉት ይተኛ» እላለሁ። ወሎዬ አዲስ ወሬ ካገኘ መቼ ይለቃል!

ጥቅምት ላይ አንዲት እናት ከሀርቡ መጥተው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ከልጃቸው ጋር ተሳፈሩ። ደሴ ለምርመራ በባዶ ሆድ ይምጡ ተብለዋል፤ ሌሊቱን ሲጨነቁ አድረዋል። ከተማውን ሳንለቅ አንገታቸው ወደ ትከሻቸው ወደቀ። ልጅቱ ደንግጣ አየችኝ። «ተያቸው እህቴ፣ ፍርሃት ነው» አልኳት፣ እንደ አዋቂ። ሐረጎን ግማሽ እንደወጣን ዞር ብዬ ባያቸው ሻሻቸው በላብ ርሷል፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ። ከኋላ የተሳፈረ አንድ ነርስ «ስኳር አለባቸው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። አለባቸው። ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊናቸውን ጠዋት ተወግተው እህል አልቀመሱም።

ጥግ ይዤ ቆምኩ። ነርሱ መዋጥ መቻላቸውን አይቶ የአንዱን ተሳፋሪ ሚሪንዳ ቀስ እያለ አጠጣቸው። ምንም የማይሰማ ቢሆን ኖሮ አፉ ውስጥ ነገር አይጨመርም፣ ትን ይለዋል ሲል ነገረን። ደሴ ገብተን ሲለኩ፣ ያንን ሁሉ ጠጥተው እንኳ የደም ስኳራቸው 74 ነበር። ከ70 በታች ሲወርድ እንደሚያሰጋ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ላቡም፣ የልብ ምቱም፣ መንቀጥቀጡም የፍርሃት መስሎኝ እኔ «ይተኙ» እያልኩ ስነዳ ነበር።

ስለዚህ ሐኪም ቤቶቻችንን የምለምነው ቀላል ነው። ስም የሚጠራው ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ጠርቶ ከመመለስ፣ አግዳሚው ድረስ ወርዶ የተኛውን ትከሻውን ይንካው። «ሌሊት ተኝተሃል? ስኳር አለብህ? መድኃኒት ወስደሃል?» ይበለው። ስኳር ያለበትን በባዶ ሆድ ኑ ሲሉትም ኢንሱሊኑን ምን እንደሚያደርግ አብረው ይንገሩት፣ ተራውም ከፊት ይሁንለት። ቀዶ ጥገና የሚጠብቀውንም ምን እንደሚደረግለት ቀድሞ የሚነግረው ሰው ይኑር። ለእኔ በመጀመሪያው ቀጠሮ ከወገቤ በታች ብቻ እንደምደነዝዝ የነገረኝ አልነበረም፤ ጭራሽ የማልነቃ ነበር የመሰለኝ። በሁለተኛው ያቺ የማደንዘዣ ባለሙያ በአራት ደቂቃ አስረዳችኝ። ያን ቀን አላዛጋሁም፤ ስለ ናፍጣ ዋጋ ከሐኪሞቹ ጋር ስንከራከር ስፌቱ አለቀ።

የደሴ–ኮምቦልቻ መስመር ሹፌር
ከደሴ