ለእማዬ፣ ከቼንግዱ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ልጄም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆባት፣ ስትደውዪ በመዳፏ አፏን ትሸፍናለች።

በዚህ ዓመት የቻይና ባህላዊ ሕክምና ስለ ሴቶች ጤና የሚያስተምረውን እየተማርኩ ነው። እነሱ እንደሚሉት ደምን የሚያከማቸውና «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኃይል ሳይታገድ እንዲፈስ የሚያደርገው ጉበት ስለሆነ፣ ተውጦ የቀረ ንዴት ጉበትን አስሮ የወር አበባን አንዴ ያስቀድማል፣ አንዴ ያዘገያል፣ ከመምጣቱ በፊትም ጡት ያሳብጣል፣ ሆድ ይቆርጣል። ለዚህ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ጀምሮ «ሺያዎ ያዎ ሳን» የተባለ ቅመም ከዝንጅብልና ከናና ጋር አፍልተው ይሰጣሉ።

መምህራችን ይህን ሲያስረዱ እኔ የሰማሁት ያንቺን «ሆድ ይፍጀው» ነበር። አባዬ ባረፈ ዓመት አበባዬ ለሰባት ወር ሲቀር ጠበል ወሰድሽኝ፤ ስለ እሱ ግን አንዲት ቃል እንዳወራ አልፈቀድሽም። ከዚያ በር ዘግተሽ «ምን ሠርተሽ ነው?» አልሽኝ። ብርቱ ኀዘን ከአንጎል ወደ እንቁላል ዕጢ የሚወርደውን የሆርሞን ትእዛዝ ሊያቋርጥ እንደሚችል ያኔ አላወቅሽም፤ እኔም አላወቅሁም። ያ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

አሁን ደግሞ ያንቺ ሆድ ያስፈራኛል። ታናሽ እኅቴ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተሽ ቀሚስሽን በጨው ውሃ ስታጥቢ አይታሻለች። ደምሽ ከቆመ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ጎረቤቶችም «ልጅነትሽ ተመለሰ» ብለውሽ ስቀሽ አልፈሻል አሉ። እ.ኤ.አ. በ1684 ያረፈው የሻንሺው ሐኪም ፉ ቺንግዡ ይህንኑ አባባል ጠቅሶ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የተመለሰ ደም የወጣትነት ምልክት ሳይሆን የከባድ መድማት መጀመሪያ ነው ሲል አስጠንቅቋል።

ስለዚህ ከዚህ ቅመም አልልክልሽም። የማህፀን ሐኪም ሊያይሽና ናሙና ወስዶ ሊመረምር ይገባል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንዳንዴ ግን የማህፀን ካንሰር ይሆናል፤ ቃሉን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ብዙዎች ይድናሉ።

ሰኞ ጠዋት እኅቴ ትወስድሻለች፤ የምርመራውንና የታክሲውን ገንዘብ በእሷ ስም ልኬያለሁ። መቼ እንደጀመረሽ፣ ምን ያህል እንደሚፈስሽ፣ ሕመም እንዳለው ለሐኪሙ አንድም ሳትደብቂ ንገሪው። ስትወጪ ደውዪልኝ፤ እዚህ ሌሊት ቢሆንም ስልኩን አነሣለሁ።

ልጅሽ