እማዬ፣ አሁንም ተደብቄ ነው የምሰማው

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽልኝ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ናሆም ቁመቱ ከአባቱ በልጧል፤ ጫማ እየጠበበው አስቸግሮናል። ማህሌት አሥረኛ ክፍል ገብታ መኪና መንዳት ካልተማርኩ እያለች ትነዘንዘናለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትማራለች፤ “ሀ” እና “ሐ” አንድ ድምፅ ሆነው ሳለ ለምን ሁለት ሆኑ ብላ መምህሯን ስትሞግት ነበር። ማን ላይ እንደወጣች አንቺ ታውቂያለሽ።

ስለ ልጆቹ እያወራሁ ወረቀቱን ልጨርሰው ነው። ስልክ ላይም የማደርገው ይህንኑ ነው።

የግፊት መድኃኒትሽን በሰዓቱ እየወሰድሽ ነው? ሠናይት የጠዋቱንም የማታውንም ባንዴ ውጠሻል አለችኝ። አንቺን ስጠይቅሽ ደግሞ “ልጅቷ ነገር ታበዛለች” ብለሽ ዘጋሽኝ። እባክሽ አትቆጪያት፤ እሷም ብትሄድ ማን አለሽ?

ዛሬ የምነግርሽ ወይ ያስቅሻል ወይ ያናድድሻል። እኔ ልጅሽ፣ አርባ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ የኮሪያ ልጆች ዘፈን እሰማለሁ። ቢቲኤስ ይባላሉ፤ ሰባት ወንዶች ናቸው። የጀመርኩት በኮሮናው ጊዜ ነው፤ በፈረንጆቹ 2020 “ዳይናማይት” የሚለው ዘፈናቸው እዚህ አሜሪካ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ አንደኛ በወጣ ሰሞን። ቤት ተዘግቶብን ስለነበር ከማህሌት ጋር የማወራው ነገር ላግኝ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷ ዓመት ሳይሞላት ሰለቻት። እኔ እዚያው ቀረሁ። አሁን ስታገኘኝ “እማ፣ በናትሽ መስኮቱን ዝጊው፣ ሰው ይሰማል” ትለኛለች።

የምሰማው መኪና ውስጥ ነው። ከአዳር ሥራ ስወጣ ደጃፌ ላይ አቁሜ ሁለት ሦስት ዘፈን ሳልሰማ ቤት አልገባም። በሁዳዴ ለመተው እሞክራለሁ፣ እስከ ደብረ ዘይት እንኳ አልዘልቅም። የቤተ ክርስቲያን ሰው ካሳፈርኩ ቀድሜ መዝሙር እከፍታለሁ። አንድ ቀን ታዲያ ለክርስትና ስንሄድ፣ ነጠላ የለበሱ ሦስት ሴቶች ጭኜ፣ ስልኬ ራሱ ከመኪናው ጋር ተገናኝቶ ዘፈኑ ሲፈነዳ! “ምንድን ነው ይሄ?” ሲሉኝ ምን ብል ጥሩ ነው? “አያቴ ኮሪያ ዘምተው ነበር፣ ለማስታወሻቸው ነው።”

መዝመታቸውስ ዘምተዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1943 ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር ሄዱ፤ በየዙሩ ከተላኩት ከ6,000 በላይ ሰዎች ከ120 የሚበልጡት ሞተው ሲቀሩ አባባ ተመለሱልን። ግን እሳቸው ስለ ኮሪያ ያወሩን ስለ ብርዱ ብቻ ነው። ሜዳልያቸውንም ደርግ ሲመጣ ከሳጥኑ ግርጌ፣ ከአያቴ ቀሚሶች በታች እንደከተቱት አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ከኮሙኒስት ጋር የተዋጋ ሰው ያን ጊዜ ሜዳልያ ለጥፎ አይወጣም ነበር። ቹንቾን በሚባል ከተማ ለእኛ ወታደሮች የመታሰቢያ ሐውልት አቁመውላቸዋል፤ አንድ ቀን አብረን ብናየው ደስ ይለኛል። ለዘፈኑ ግን አባባ ምንም አላደረጉ። ደስ ስለሚለኝ ነው የምሰማው።

ምን አገኘሽበት ትዪኝ ይሆናል። ሰባቱ ሲጨፍሩ እጃቸው እኩል ይነሳል፣ እኩል ይወርዳል፤ ስንት ዓመት ቢለማመዱ ነው ያሰኛል። ታናሹ ታላቁን በስሙ ብቻ አይጠራውም፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው የሚሉት አላቸው። ሰላምታ ሲሰጡ ወገባቸው እስኪታጠፍ ነው። አንቺ ብታያቸው “አሳዳጊ አላቸው” ትዪ ነበር፤ የጸጉራቸውን ቀለም ሳታዪ ማለቴ ነው። በ2022 መጨረሻ ትልቁ ጸጉሩን ተላጭቶ ለብሔራዊ ውትድርና ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። በ2025 ሰኔ ላይ ሁሉም ጨርሰው እስኪወጡ እንደ ዘማች እናት ስጠብቅ ከረምኩ። ጉድ በይ!

ደግሞ ሁሉም ጣፋጭ አይደለም። ልጆቹን ገና በለጋነታቸው ወስደው በማደሪያ ያሠለጥኗቸዋል፤ ኪሎአቸው ይቆጠራል፣ ፍቅር መያዛቸው እንደ ወንጀል ይታያል። ሌላ ቡድን ውስጥ የነበሩ ሦስት ልጆች 13 ዓመት የሚያስር ውል አስፈርመውናል ብለው በፈረንጆቹ 2009 ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፤ በዚያው ዓመት ነው መንግሥታቸው የ7 ዓመት መነሻ ውል ያወጣው። የእኔዎቹ ታናሽ፣ ጁንግኩክ፣ መድረክ ላይ ሲወጣ 15 ዓመቱ ነበር። ልክ የማህሌት ዕድሜ። ይህን እያወቅሁም እሰማለሁ።

እኔም 15 ዓመቴ ነበር፣ እማዬ።

ካሴቶቼን ታስታውሻቸዋለሽ? የአስቴር፣ የንዋይ፣ የሐመልማል። የምሳ ሳንቲሜን እያጠራቀምኩ ከፒያሳ የገዛኋቸው። 1987፣ ክረምት ነው። ከአክስቴ ቤት ስመለስ ካርቶኑ የለም። ለልዋጭ ሰጥተሽ ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ተቀብለሽባቸዋል፤ አረንጓዴ። ሳለቅስ መጽሐፉን ከፍተሽ ገላትያን አነበብሽልኝ፤ ዘፋኝነት ከመግደልና ከስካር ጋር ተሰልፎ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ምስር የለቀምኩት በእነዚያ ሳህኖች ነው። አንድ ቀን እንኳ “ይቅርታ” ሳይሆን “አዘንሽብኝ ወይ?” ብለሽኝ አታውቂም። አሳድገሽኛል፣ አስተምረሽኛል፣ ማታ ማታ ሹራብ እየሠራሽ የአውሮፕላን ቲኬቴን ቆርጠሽልኛል፤ አልክድም። ግን ሳህኖቹ አሁንም አይወጡልኝም። ይኸው በዚህ ዕድሜዬ፣ በራሴ መኪና፣ አንቺ ማዶ ሆነሽ፣ ነጠላ ጫማሽ ኮሪደሩ ላይ ሲመጣ የሰማሁ እየመሰለኝ ድምፁን እቀንሳለሁ።

ባለፈው እትዬ አሰለፈች “እናትሽ የቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ ትዘፍን ነበር” አሉኝ። አንቺ! እንዲያውም መሪዋ እሷ ነበረች፣ ድምፅዋ ከከበሮው በላይ ይሰማ ነበር አሉ። ጋሼ ከተወሰደ በኋላ ግን በቤት ውስጥ እንኳ ስታንጎራጉር የሰማት የለም አሉኝ። ዝም አልኩ። ያን ቀን ካርቶኑን ስታነሺ የተቆጣሽው በእኔ ነበር? ወይስ

እዚህ የምሠራበት የአዛውንቶች ቤት የልጃቸውን ስም የማያውቁ ሰዎች አሉ። አንዱ ሽማግሌ ልጁ ሲመጣ “ሐኪም ነህ?” ይለዋል፤ የወጣትነቱን ዘፈን ሲከፍቱለት ግን አንድ ቃል ሳያስቀር ይጨርሰዋል። በየቀኑ ስለማየው ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ ባላውቀው በተሻለኝ። የዛሬ ሳምንት ማህሌትን “አንቺ የማን ልጅ ነሽ?” አልሻት። እሷ የምትቀልጂ መስሏት ሳቀች። እኔ ኔትወርኩ አስቸገረ ብዬ ዘጋሁት።

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም ነበር።

እንግዲህ ስሚኝ። ማክሰኞ ሠናይት የነርቭ ሐኪም ዘንድ ትወስድሻለች፤ ቀጠሮው ተይዟል፣ “ደህና ነኝ” አይሠራም። የቫይታሚን ቢ12 እና የእንቅርት ሆርሞን የደም ምርመራ ይታዘዝልሽ፤ መርሳት ከእነሱ መዛባትም ይመጣል፣ ያ ከሆነ ይታከማል። ጾም እንደማታፈርሺ፣ ሥጋና ወተት ከቀመስሽ እንደቆየሽ ለሐኪሙ ንገሪው። መድኃኒቶችሽን በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ቀኑን ወይም ዓመተ ምሕረቱን ቢጠይቅሽ እንደ ንቀት አትውሰጂው፤ ሥራው ነው።

እሁድ ስደውል ልጆቹን አላቀርብልሽም። ስለ ኪነቱና ስለ ካሴቶቹ ነው የምጠይቅሽ። “አልነግርሽም” ብትዪኝ እሺ እላለሁ። ተቆጪኝ፣ ገላትያን አንብቢልኝ። “አላስታውስም” ብቻ እንዳትዪኝ።

ልጅሽ

ብሩን ዓርብ በሠናይት ስም ልኬዋለሁ። ከሰሉን ተቀጣጥሎም ቢሆን ቤት አታስገቡት፤ ስንቴ ልንገራችሁ።