የፖምፓውን ማሸጊያ ማን ፈታው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ወደ ደንገጎ ዳገት ሊወጣ የተነሳ የጭነት መኪና ገና ከድሬዳዋ ሳይለቅ ከኋላው ያለውን ሁሉ ያጠቁረዋል። ባጃጅ ውስጥ ያለችው ተሳፋሪ በሻሿ አፍንጫዋን ትይዛለች፣ ሰዉም «መኪናው አርጅቶ ነው» ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ግን እርጅና ሳይሆን ሆን ተብሎ የተከፈተ ፖምፓ (ናፍጣውን ለክቶ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል) ነው።

በአሮጌ የናፍጣ ሞተሮች ፖምፓ ላይ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የሚረጨውን ነዳጅ የሚወስን አንድ ብሎን አለ። ፋብሪካው በመለኪያ ማሽን ያስተካክለውና በሽቦና በእርሳስ ያሽገዋል። «ዳገት እምቢ አለኝ» ያለ ባለንብረት ሲመጣ ሽቦው በፒንሳ ይቆረጣል፣ ብሎኑ ይዞራል፣ አለቀ። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ክፍል) ባለው ሞተር ደግሞ ቱርቦው በቂ አየር እስኪሰጥ ነዳጁን ቆጥቦ የሚያቆየው ክፍል ይነካካል። ከቆመበት ሲነሳ ያን ሁሉ ጭስ የሚለቀው በዚህ ምክንያት ነው።

1 ኪሎ ናፍጣ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.5 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ሞተር ውስጥ ሁለቱ በደንብ ስለማይቀላቀሉ ከዚያም በላይ አየር ካላገኘ ያጨሳል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ላይ 2,000 ይታለፋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ ለሌለው ሞተር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ነዳጅ ሊቀነስለት ሲገባ እኛ እንጨምርለታለን! ትርፉ በጭስ ማውጫው ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ባለንብረቱ ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ናፍጣ ነው።

መጀመሪያ ላይ ጉልበት መጨመሩ እውነት ነው፣ አይካድም። ቆይቶ ግን ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ዘይቱ በመቀነስ ፋንታ ጨምሮ፣ ቀጥኖና ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ ካገኛችሁት ምልክቱ ይኸው ነው። ረጅም ዳገት ላይ የጭሱ ሙቀት ከልክ ያልፋል፣ ቱርቦው ይጎዳል፣ ሲብስም የፒስተን አናት ይቀልጣል።

ጥቁር ጭስ ሁሉ ግን ተንኮል አይደለም። በድሬዳዋ አቧራ የአየር ፊልትሮ ቶሎ ይደፈናል። ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨው ኖዝልም ሲያረጅ በመርጨት ፋንታ ያንጠባጥባል። እነዚህን ለማስተካከል ጊዜ መስጠት እንጂ መቅጣት አይገባም። ማሸጊያው የተቆረጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዓመታዊው ምርመራ ይህን አይለይም። ቦሎ ሲደርስ ብሎኑ ይመለሳል፣ ቦሎው ሲለጠፍ እንደገና ይከፈታል። መንገድ ላይ ሲያዝም የሚቀጣው ተቀጣሪው ሾፌር ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው። በአሜሪካ ለጨዋታ ሲሉ መኪናቸውን እንዲያጨስ አድርገው የሚያሠሩ አሉ፤ የኒው ጀርሲ ግዛት በ2015 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በስሙ ጠቅሳ ከልክላለች። የእኛ ሰው ምክንያቱ ዳገትና ጭነት ነው፣ ስለዚህ ከዚያ አገር የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው፦ የአየር ጥበቃ ሕጋቸው የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚያሰናክል መሣሪያ የሸጠውንና የገጠመውንም ተጠያቂ ያደርጋል።

እዚህም ፖምፓ የሚያስተካክሉ ጋራዦች ቁጥር ያለው ማሸጊያ ይሰጣቸው፣ ቁጥሩም በመኪናው የምርመራ መዝገብ ላይ ይስፈር። ፖምፓውን የከፈተ ሁሉ በመለኪያ ማሽን አስተካክሎ መልሶ ያሽግ። ቁጥሩ ካልገጠመ ባለንብረቱና ጋራዡ ይጠየቁ። ፍተሻው ከከተማው መውጫ፣ ዳገቱ ሳይጀምር ይሁን። የጭስ መለኪያ ካለ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ፣ ፔዳሉ በአንድ ጊዜ እስከ ወለሉ ይረገጥ፤ ይህም ተደጋግሞ አማካዩ ይያዝ። በግማሽ ፔዳል የተለካ ጭስ እንዳልተለካ ይቆጠራል። መለኪያ ከሌለም የተቆረጠ ሽቦ ለማየት የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ይህ የቅንጦት ጉዳይ እንዳይመስል፣ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ሞተር ጭስን በ2012 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። የመንገድ ዳር ቸርቻሪዎችና የባጃጅ ሾፌሮች ቀኑን ሙሉ የሚስቡት እሱን ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። አይሱዙው ከአቅሙ በላይ እየተጫነ ብሎኑ ብቻ ቢታሸግ በሳምንቱ መልሶ ይቆረጣል። ማሸጊያውን የሚያየው ተቆጣጣሪ የጭነቱን ሚዛን ወረቀትም ይጠይቅ።

የናፍጣ ሞተር ባለሙያዎች
ከድሬዳዋ